«ወንጀላቸው ነው» ለምትሉን



ባለፈው ጁሙዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ለቦረና ድርቅ ተጎጂዎች ገንዘብ ልንሰበስብ ካርቶን ይዘን መስጂዳችን በር ላይ ቆመን ነበር። ጀመዓው፣ አላህ ይቀበለው፣ ያለውን እየጣለ አለፈ። ከመካከላቸው አንድ የምናከብራቸው ሰው ግን ቆም አሉና «እነዚህን ሰዎች ዝናብ ያስከለከላቸው ወንጀላቸው ነው። መጀመሪያ ከአላህ ጋር ይታረቁ። የአላህን ቅጣት በብር የምትመልሱት ይመስላችኋል?» ብለውን ጫማቸውን አድርገው ሄዱ።

እኚህ ሰው ንፉግ ቢሆኑ ነገሩን እንተወው ነበር። አይደሉም። መስጂዱ ሲሠራ ብሎኬት በትከሻቸው ያመላለሱ፣ የፈጅር ጀመዓ የማያመልጣቸው ሰው ናቸው። የከበደንም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ይኸው ሐሳብ በድምፅ ተቀድቶ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ጊዜው የ1444 ረመዷን ዋዜማ ነበር። ብዙ ሰው ዘካውን የሚያወጣው በዚህ ወር ነው። ይህ ንግግር በዚህ ጊዜ ሲመጣ የተራበ ሰው ሐቅ ያስቀራል።

እኛ ሙፍቲዎች አይደለንም። ኢማማችን ሲታመሙ የምንተካ፣ ማታ ልጆች የምናስቀራ የመስጂድ አገልጋዮች ነን። የምንጽፈውም መሻይኾቻችን ፊት ተቀምጠን ከቀራነው ውስጥ ማንም ደረሳ የሚያውቀውን ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። በቦረናና በሶማሌ ቆላ ዝናብ የሚጠበቀው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ትልቁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ነው፤ ቦረናዎች ገና ይሉታል፣ ሶማሌዎች ጉ። ትንሹ በመጸው ይመጣል፤ ሐገያ ነው፣ በሶማሌ ደይር። ከ2013 መጸው ጀምሮ እስከ 2015 መጸው ድረስ አምስቱም ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ቢያንስ በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም። አርብቶ አደር አንድ ወቅት ቢከሽፍበት አይደናገጥም፤ ከብቱን ወደ ሩቅ ግጦሽ ይነዳል። ሁለተኛው ሲከሽፍ ደካማ ደካማውን ይሸጣል። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ሻጭ ስለሚሆን የከሳ በሬ ዋጋ ይወድቃል፣ የበቆሎ ዋጋ ደግሞ ይወጣል። ሰውየው ከብቱ ከመሞቱ በፊት ገበያው ላይ ሞቷል ማለት ነው። አራተኛውና አምስተኛው ሲደርሱ የሚነዳም የሚሸጥም የለም። ዱብሉቅ በመጠለያ ላስቲክ ሥር ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች በዚህ መንገድ ነው እዚያ የደረሱት። መቶ ከብት የነበረው ሰው ለስንዴ ተሰለፈ።

ምክንያቱም የሚታወቅ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ከወትሮው ሲቀዘቅዝ ላ ኒና ይባላል፤ ያኔ የምሥራቅ አፍሪካ የመጸው ዝናብ ይደክማል። በ2015 ላ ኒናው ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በተቃራኒው ውቅያኖሱ ሲሞቅ ኤል ኒኖ ይሆንና የሰሜኑን ክረምት ይነካዋል። በ2008 ሀገራችን ውስጥ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ የሆነው በዚያ ነው። ይህን ስንል አንዳንዱ ወንድማችን «ሳይንስ ታወራላችሁ» ይለናል። ሰበቡን ማወቅ የሰበቡን ባለቤት መካድ አይደለም። ውቅያኖሱም የአላህ ነው፣ ንፋሱም የአላህ ነው። ሐኪም ወባ ነው ሲለን ኢማናችን አይጎድልም።

አሁን ወደ ወንጀሉ እንምጣ። ወንጀል ዝናብ አያስከለክልም አላልንም። ኑሕ (ዐ.ሰ) ሕዝባቸውን ኢስቲግፋር አድርጉ፣ ሰማዩ ይከፈትላችኋል ማለታቸውን ቁርኣን ላይ እናነባለን። ክርክራችን «የማን ወንጀል?» የሚለው ላይ ነው። ዝናብ ስለሚያስከለክሉ ነገሮች ከሚጠቀሱት ሐዲሶች ዋነኛው ኢብን ማጃህ የዘገቡት ነው። እዚያ ላይ የተዘረዘረውን እስኪ አስተውሉ። ሚዛንና ስፍር ያጎደሉ ሕዝቦች በችጋር፣ በኑሮ ክብደትና በገዢ በደል ይያዛሉ። የገንዘባቸውን ዘካ የከለከሉ ሕዝቦች ደግሞ ዝናብ ይከለከላሉ፤ እንስሳት ባይኖሩ ኖሮ ጨርሶም ባልዘነበላቸው ነበር። ሚዛን ያለው ማን ጋ ነው? ፍየል ጠባቂው ጋ ነው ወይስ እኛ ሱቅ ውስጥ? ዘካ የሚያስወጣ ገንዘብ ባንክ ያስቀመጠው ማን ነው? በሐዲሱ ቃል ከሄድን ጣታችን ወደ ያቤሎ ሳይሆን ወደ ጀሞና ወደ ለቡ፣ ወደ ራሳችን ነው የሚዞረው። እንስሳቱ ደግሞ በሐዲሱ ውስጥ ለሰው ምሕረት የሚያመጡ ናቸው። በሚሊዮን የሚቆጠሩት ሞተዋል። ይህ ራሱ ሊያስፈራን ይገባ ነበር።

ሌላም እናስታውሳችሁ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) የዘገቡትን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የጁሙዓ ኹጥባ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ገብቶ ንብረት ጠፋ፣ መንገድ ተቆረጠ፣ አላህን ዝናብ ለምኑልን አላቸው። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው ለመኑ። ዘነበ፤ እስከሚቀጥለው ጁሙዓ ዘነበ። ልብ አድርጉ፤ «ምን ሠርታችሁ ነው?» ብለው አልጠየቁትም። «ሂድና ሕዝብህን አስተባብለህ ና» አላሉትም። ከብቱ የሞተበት ሰው አቤት ሲል የተሰጠው መልስ የተዘረጋ እጅ ነው። እኛ የማን ሱና ይዘን ነው ሰውየውን ለምርመራ የምናስቀምጠው?

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲናና አካባቢዋ በድርቅ ተመቱ፤ ዓመ ረማዳ፣ የአመድ ዓመት ይባላል። የዚያ ዘመን ሰዎች እነማን ነበሩ? ሶሓቦች። ኸሊፋው ማን ነበሩ? ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ)። ድርቅ የመጣበት ሕዝብ ሁሉ ወንጀለኛ ከሆነ እንግዲህ ይህን ምን ልንለው ነው? ዑመር ሰው ሁሉ እፎይ እስኪል ቅቤ አልቀምስም ብለው ማሉ፣ ፊታቸው እስኪጠቁር ዘይት በሉ። ወደ ሹሞቻቸው ጽፈው እህል የጫኑ ግመሎች አስመጡ። በዚያ ዓመት የሌባ እጅ አላስቆረጡም። የዘካ ሰብሳቢዎችንም እስከሚቀጥለው ዓመት እንዳቆዩ ተዘግቧል፤ ከተራበ ሰው ፍየል አይወሰድምና። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ዱዓ አልተዉም፤ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ዐባስን ይዘው ወጥተው ዝናብ ለመኑ።

ለዚህም ነው «ዱዓ ምን ያደርጋል፣ ግድብ ሥሩ» እያሉ ለሚቀልዱ ወጣቶቻችንም ብዙ ቃል የማናባክነው። ዑመር ሁለቱንም አድርገዋል። ቀልዱን ትታችሁ አንዱን ያዙ።

ያን ማታ ዒሻ ከተሰገደ በኋላ የሰውየውን ንግግር የሰማ አንድ ወንድማችን ከጥግ ሆኖ ጠራን። የወሎ ሰው ነው፤ እንደ ብዙዎቻችሁ ወላጆች በ77 ነው ከሀገሩ የወጣው። «እኔ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር» አለን። «እናቴ ለይል የማትተው ሴት ነበረች። መጨረሻ የቀረችንን ቆሎ ለእኔና ለእህቴ ከፍላ እሷ ሶላት ላይ ቆመች። መንገድ ላይ ነው የቀበርናት። ወንጀሏን ንገሩኝ።» የምንለው አጣን። የቀራነው ኪታብ ሁሉ ከአንገታችን በላይ ሆነብን። በዚህ መስጂድ ውስጥ ስንት የወሎ ልጅ አለ? በ66ቱም በ77ቱም ዘመዱን አፈር ያለበሰ ስንት ሰው ከጎናችን ይሰግዳል? ትናንት እኛን እንዲህ ያሉን ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ተራው የእኛ ሆነና እኛ ሌላውን እንላለን።

ስለ ራሳችን ካነሳን ደግሞ ከውዱእ ቦታችን እንጀምር። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶው ሲያልቅ በጀመዓው ብር ቦቴ እናስመጣለን። አንድ ቀን ነገሩ ቢቆጨን ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ቧንቧው ሥር ይዘን ቆምን። ውዱእ የሚያደርገው ወንድማችን ገና እጁን ታጥቦ ወደ አፉ ሳይሄድ ሃይላንዱ ሞልቶ ፈሰሰ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፍ ሙሉ ነው፤ አንድ ሊትር አይሞላም። ትጥበታቸውም ከአንድ ቁና እስከ አምስት ሙድ ነበር። እኛ ለአንድ ዙህር ውዱእ የእሳቸውን የገላ ትጥበት ውሃ እናፈሳለን፤ ቧንቧውን ከፍተን ስለ ኳስ እያወራን።

የቦረና ኤላ ላይ ውሃ እንዴት እንደሚቀዳ ታውቃላችሁ? ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ወንዶች አንዱ ከአንዱ በላይ በደረጃ ተደርድረው እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚሉት ሰው አላቸው። ተራ የሚያዛባ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ይህን ሥርዓት ያላቸውን ሰዎች ነው እኛ ቧንቧ ከፍተን የምንተወው ሰዎች በወንጀል የምንከሳቸው።

የፈሰሰው ውሃ የት ይደርሳል? እዚሁ ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ የሚወርደውን ትንሹን አቃቂ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሽታውን እንኳ። ከመጸዳጃ፣ ከጋራዥና ከፋብሪካ የሚወጣው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ዳሩ ላይ በዚያው ውሃ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ ገዝተን የምንበላው እኛው ነን። ወንዙ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ይገናኛል፣ ከዚያ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። ቆቃን አልፎ፣ የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ አፋር ምድር ገብቶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ድርቅ ሲጠና የአፋር ወንድሞቻችን ግመልና ልጅ ይዘው የሚሸሹት ወደዚሁ ወንዝ ነው። ውሃ መውረጃ ላይ፣ መንገድ ላይና ጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ ሥራ መሆኑን አቡ ዳውድ ከዘገቡት ሐዲስ ተምረናል። የኒፋስ ስልክ ሰው እጁን ታጥቦ የለቀቀው ውሃ ስንት ሙስሊም ደጃፍ እንደሚያልፍ አስበን እናውቃለን?

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ጥያቄ የመጣልን በዚህ ነው።

«ዘካ ከሀገሩ አይወጣም፤ የሰፈር ድሃ እያለ ወደ ቦረና መላክ አይቻልም» የሚሉን አሉ። ይህ ባዶ ንግግር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩ ዘካው ከሀብታሞቻቸው ተወስዶ ለድሆቻቸው እንዲሰጥ አዘዋል። በሻፊዒያ መዝሀብ ዘንድ ተመራጩ ቃል እንዳይወጣ የሚለው ነው፤ ብዙዎቻችንም የቀራነው በዚሁ መዝሀብ ነው። ሐነፊያዎች ግን ለዘመድ ወይም የበለጠ ለተቸገረ ከሆነ ማስወጣቱን አይጠሉትም። ያው ሙዓዝ ራሳቸው የየመን ሰዎችን በገብስ ፋንታ ልብስ አምጡ፣ ለእናንተ ይቀላል፣ መዲና ላሉት ሶሓቦችም ይሻላል እንዳሏቸው ቡኻሪ ጠቅሰዋል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ መሻይኽ የሚለያዩበት በር ክፍት ነው፤ ይህን ያህል ችግር ባለበት ዓመት በሩን መዝጋት ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሆነ አይገባንም። መዝሀቤን አልለቅም ያለ ሰው ደግሞ ዘካውን ለሰፈሩ ሚስኪን ይስጥ፣ ሰደቃውን ወደ ቦረና ይላክ። ሰደቃን ማንም ድንበር አላበጀለትም። እኛን የሚያበሳጨን የሻፊዒያን ቃል ጠቅሶ ለቦረናም ለጎረቤቱም ሳይሰጥ የሚቀረው ነው።

ቀጥሎ፣ የተጎዱት ሰዎች ለዘካ ይገባሉ ወይ? ሸሪዓው ከአርባ ፍየል አንድ፣ ከሠላሳ ከብት አንድ ጥጃ፣ ከአምስት ግመል አንድ ፍየል ነው ያለው። ይህን ሒሳብ ከእኛ የበለጠ የሚያውቁት አርብቶ አደሮች ናቸው፤ ሲከፍሉ ኖረዋልና። ዛሬ አርባው ፍየል የለም። ፈቂር ናቸው፣ ሚስኪን ናቸው፣ ለእህል የተበደሩት ደግሞ ጋሪሞች ናቸው። ትናንት ሰጪ ነበሩ።

ሸሪዓችን የውሃን ድካም ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በዝናብ ከበቀለ እህል ዘካው ከዐሥር አንድ ነው፤ በድካምና በወጪ ከጠጣ ግን ግማሹ፣ ከሃያ አንድ። ሞተር ገዝቶ፣ ነዳጅ ቀድቶ የሚያጠጣውን ገበሬ አላህ ከዝናብ ጠባቂው ጋር እኩል አላስከፈለውም። ዲናችን ስለ ድርቅ የሚያወራው ወንጀል በመቁጠር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ጉድጓድ እናስቆፍር የሚሉም በዝተዋል፤ አላህ ይባርካቸው። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ ለሞቱት እናታቸው ምን ዓይነት ሰደቃ እንደሚሻል ቢጠይቁ ውሃ ተብለው ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ሰጥተዋል። ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ዘካ ለሰው እጅ የሚሰጥ ነው ስላሉ ጉድጓዱ ከሰደቃና ከወቅፍ ይሠራ፣ የዘካው ገንዘብ ለሰውየው እህል፣ ለተረፉት እንስሳት መኖ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ለመራቢያ ፍየል ይሁን። ዝናብ በዘነበ ማግስት ችግሩ ያለቀ የሚመስለን ብዙዎች ነን። የሞተ ከብት በዝናብ አይነሳም፤ መንጋ ለመመለስ ዓመታት ይፈጃል። ሁለተኛ፣ በዚያ ቆላ ውሃው ጥልቅ ነው። ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። ሪባን ተቆርጦ፣ ስም በእብነ በረድ ተጽፎ፣ ፎቶ ተነስቶ የተተወ ጉድጓድ ለባለቤቱ ምን ያህል ሰደቀቱል ጃሪያ እንደሚሆንለት አላህ ያውቃል። ደግሞ ጉድጓድ ያለ ቦታው ከተቆፈረ የበጋ መሸሻ የነበረውን ሳር ዓመቱን ሙሉ ከብት ይረግጠውና ያልቃል። የት እንደሚቆፈር የሚያውቁት የሀገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ካርታ ላይ ጣት አንቀስር።

የእኛው መስጂድ ኮሚቴ የውዱእ ቦታውን ግድግዳ እብነ በረድ ሊያለብስ ገንዘብ አሰባስቧል። ለዚያ የሰጠው ሰው ለዚያ ብሎ ስለሰጠ ገንዘቡን ወደ ሌላ እናዙረው አላልንም፤ የሰጪ ኒያ አይነካም። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው። ሥራው ከዒድ በኋላ ይሁን፣ ረመዷን ሙሉ ለሌላ መዋጮ መድረኩ ክፍት እንዲሆን። ሥራው ሲጀመር ደግሞ ከእብነ በረዱ በፊት ሲለቁት ራሱን የሚዘጋ ቧንቧ ይገባ። ከኮሚቴው ግማሹ ተስማምቷል። ግማሹ «የአላህ ቤት ማማር አለበት» ብሎናል። እሑድ ከዙህር በኋላ ለሁሉም ጀመዓ ክፍት ሆኖ እንነጋገራለን፤ ኑና የመሰላችሁን ተናገሩ።

የኢፍጣር ነገርም እዚያው ይነሳል። ባለፈው ረመዷን ለኢፍጣር ከመጣው ሳምቡሳና ሾርባ ስንቱን ማታ ወደ ገንዳ እንዳወጣን የምናውቀው እኛ ጠራጊዎቹ ነን። ዘንድሮ ተምርና ውሃ ብቻ ይሁን ብለን ለኢማማችን አቅርበናል፤ እሳቸውም ወደውታል። ቤታቸው ድግስ ያላቸው ድግሳቸውን ያድርጉ፤ መስጂዱ ውስጥ ያለው የተቸገረና መንገደኛ ደግሞ ጾሙን ተምር ፈትቶ እራቱን በወግ የሚበላበት እናዘጋጃለን።

ሶላተል ኢስቲስቃዕ ይሰገድ ያላችሁም አላችሁ። ይሰገዳል ኢንሻአላህ። ኪታቦቻችን ግን ከመውጣቱ በፊት የሚያዙት አለ፤ የተወሰደ የሰው ሐቅ ይመለስ፣ ሰደቃ ይሰጥ፣ ይጾም፣ ከዚያ በትሕትና ልብስ ሽማግሌውም ሕፃኑም ይውጣ። ሐቅ መመለሱን ትተን በነጭ ጀለቢያ ፎቶ ብቻ እንዳንመለስ።

በሩ ላይ ያሉን ሰው ይህን ያነቡ ይሆናል። አባታችን፣ ሰላምታችን እንደነበረ ነው፤ ነገ ፈጅር ላይም ከጎንዎ እንቆማለን። ያ የወሎ ወንድማችን ከሁለተኛው ምሰሶ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ከተመቸዎት ይጠይቁት።

ከነገ ዙህር ጀምሮ በሩ ላይ ሁለት ሣጥን ይቆማል። አረንጓዴው የዘካ ነው፣ ነጩ የሰደቃ። አታደባልቁብን። ቁልፉ ከሦስት ሰዎች ጋር ነው፤ ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈትም። በየጁሙዓው የተገኘውን ብር ቆጥረን በሩ ላይ እንለጥፋለን።